«ሲሙሌሽን ካሳየሁ ማረጋገጫ ምን ያደርግልኛል?»

የደረሰን ደብዳቤ አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በባዮስታቲስቲክስ የዶክትሬት ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የመጣሁት ከሕዝብ ጤና ነው። ዳታ መተንተንና ኮድ መጻፍ አያስቸግረኝም። ችግሬ አሲምፕቶቲክስ ነው፣ ናሙናው እያደገ ሲሄድ ዘዴዎች ምን እንደሚሆኑ የሚያጠናው ሒሳብ። አማካሪዬ የሰጡኝ ጽሑፎች ሁሉ መጨረሻቸው ላይ የማረጋገጫ (የሒሳብ ፕሩፍ) አባሪ አላቸው። እዚያ ስደርስ ዓይኔ ይፈዛል። የቫን ደር ቫርትን የአሲምፕቶቲክ ስታቲስቲክስ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቀረሁ። አንዷ ጓደኛዬ ‹ሜዠር ቲዎሪን (የፕሮባቢሊቲን የሒሳብ መሠረት) በደንብ ሳትጨርሺ አትሞክሪው› ትለኛለች። ሌላው ደግሞ ‹ሲሙሌሽን ሠርተሽ (በኮምፒዩተር በፈጠርሽው ዳታ ዘዴሽን ሞክረሽ) ካሳየሽ ማረጋገጫ ማን ያነባል?› ይለኛል። የምመራመረው በክትትል ጥናት መሃል የሚጠፉ ተሳታፊዎችን በክብደት ስለማካካስ ነው። ከየት ልጀምር? ምን ያህልስ ይበቃኛል? ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ሁለቱም ጓደኞችሽ የያዙት እውነት አለ። የሰጡሽ ምክር ግን ላንቺ አይሆንም።

ከሁለተኛው ልጀምር፣ የሱ ጥያቄ ይበልጥ ያጓጓል። ሲሙሌሽን የሚያሳይሽ አንቺ የመረጥሽውን ብቻ ነው። አንድ የናሙና መጠን፣ አንድ የመጥፋት ድርሻ፣ አንድ ዓይነት ስርጭት ትመርጫለሽ። ታስኬጂዋለሽ። ሠንጠረዡ ያምራል። ከዚያ ገምጋሚው «የሚጠፉት በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሕመማቸው ክብደትም ቢለዩስ?» ይላል። ሌላ ሲሙሌሽን ትሠሪያለሽ። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ማረጋገጫ ግን ዘዴሽ ለምን እንደሚሠራ ይነግርሻል። የትኛው ቅድመ ሁኔታ ሲጎድል እንደሚፈርስም ይነግርሻል፤ እኔ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል።

ማረጋገጫ ብቻውንስ? እሱም ያታልላል። ይህን በወረቀት ሥሪው። በሕዝቡ ውስጥ እውነተኛው የበሽታ ድርሻ 2 በመቶ ነው እንበል። 100 ሰው ትመረምሪያለሽ። ሁላችንም መጀመሪያ የተማርነው የኮንፊደንስ ኢንተርቫል (እውነቱ ይገኝበታል የምንለው ክልል) ቀመር አለ፤ የተገኘው ድርሻ ሲደመርና ሲቀነስ 1.96 ጊዜ ስታንደርድ ኢረር (የግምቱ የስሕተት ልክ)። ቲዎሪው ሽፋኑ፣ ማለትም ኢንተርቫሉ እውነቱን የሚይዝበት ድርሻ፣ 95 በመቶ ነው ይላል። አሁን ከ100 ሰው አንድም ሕመምተኛ ያለማግኘት ዕድልን አስቢ። 0.98ን 100 ጊዜ በራሱ ስታባዢው 0.13 ገደማ ይመጣል። አንድም ሕመምተኛ ካልተገኘ ስታንደርድ ኢረሩ ዜሮ ነው። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከዜሮ እስከ ዜሮ ይሆናል፣ 2 በመቶን ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ሽፋኑ ገና ከጅምሩ ከ87 በመቶ አይበልጥም። 2 ሕመምተኛ ቢገኝ ደግሞ የኢንተርቫሉ የታችኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኔጌቲቭ የበሽታ ድርሻ!

ቲዎረሙ አልዋሸም። ናሙናው እያደገ ሲሄድ የሚሆነውን ነው የነገረሽ። ያንቺ ጥያቄ ግን ዛሬ እጅሽ ላይ ስላለው ናሙና ነው። አሲምፕቶቲክስ ማለት ባለሽ ናሙና ላይ የምትጠቀሚበት ግምታዊ ስሌት ነው። ማንም ሰው መጨረሻ የሌለው ናሙና የለውም። ቲዎሪው ቀመሩን ይሰጥሻል፣ ሲሙሌሽኑ ቀመሩ ባንቺ ናሙና ላይ መድረስ አለመድረሱን ያሳይሻል። ሁለቱን ማለያየት አያስፈልግም።

ከዚሁ ምሳሌ ሳንወጣ ዴልታ ሜተድንም፣ የአንድን ግምት ቫሪያንስ ወደ ተለወጠ ቅርጹ የሚያሻግረውን ስሌት፣ እንየው። ድርሻውን ትተሽ የድርሻውን ሎግ ገምቺ። የሎጉ ቫሪያንስ፣ አንድ ሲቀነስ ድርሻው፣ ለናሙናው መጠንና ለድርሻው ብዜት ሲካፈል ነው። ከ100 ሰው 2 ከተገኙ 0.98 ለ2፣ ማለትም 0.49። ካሬ ሥሩ 0.7። ኢንተርቫሉን በሎግ ሠርተሽ ስትመልሺው ከ0.5 በመቶ እስከ 7.9 በመቶ ገደማ ይሆናል። ኔጌቲቭ ቁጥር የለም፣ ቅርጹም እንደሚገባው ወደ ላይ ዘንበል ያለ ነው። ሁለቱም ቀመሮች በቲዎሪ እኩል ትክክል ናቸው። በ100 ሰው ላይ ግን እኩል አይደሉም። (ዜሮ ሕመምተኛ ሲገኝ ሎጉም አያድንሽም፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው።) ይህን ስሌት ካለማንም እርዳታ መድገም ከቻልሽ አሲምፕቶቲክስ ጀምረሻል።

አሁን ወደ አባሪዎቹ እንሂድ። ነገሩ ወዲህ ነው። በባዮስታቲስቲክስ ጽሑፍ መጨረሻ የምታገኚያቸው ማረጋገጫዎች አብዛኞቹ አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ኢስቲሜተሩ (የመገመቻ ቀመሩ) ከእውነተኛው ዋጋ ያለው ልዩነት፣ የእያንዳንዱ ተሳታፊ አስተዋጽኦ አማካይ ሲደመር ቸል የሚባል ቀሪ ነው። በቃ። ያ የእያንዳንዱ ተሳታፊ አስተዋጽኦ ኢንፍሉዌንስ ፋንክሽን ይባላል። አማካይ ስለሆነ ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም (የብዙ ነገሮች አማካይ ስርጭት ወደ ኖርማል ይጠጋል የሚለው) ይሠራበታል። ቫሪያንሱም የአስተዋጽኦዎቹ ቫሪያንስ በናሙናው መጠን ሲካፈል ነው። ቀሪው ደግሞ በናሙናው መጠን ካሬ ሥር ተባዝቶም ወደ ዜሮ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ስርጭቱን ያበላሻል።

እንግዲህ የማረጋገጫ ሥራው ሁለት ነው። አንደኛ አስተዋጽኦውን ማግኘት፣ ሁለተኛ ቀሪውን ማጥፋት። በሚቀጥለው ጊዜ አባሪ ስታነቢ ሁለት ቀለም ያዢ። አስተዋጽኦውን የሚያወጡትን መስመሮች ባንዱ አስምሪ፣ ቀሪውን የሚያጠፉትን በሌላው። ብዙ ጊዜ አስተዋጽኦውን ማውጣት ካልኩለስ ብቻ ይጠይቃል፤ አንቺም ትችይዋለሽ። ዓይንሽን የሚያፈዘው ሁለተኛው ቀለም ነው። «በተለመደው የኢምፒሪካል ፕሮሰስ ክርክር» ብለው የሚያልፉት ቦታ ማለት ነው፤ የናሙና አማካዮች ለብዙ ፋንክሽኖች በአንድ ጊዜ ምን እንደሚሆኑ የሚያጠናው ዘርፍ ነው። እሱን ለጊዜው እመኚላቸውና እለፊው። መጀመሪያ አንደኛውን ቀለም ተማሪ።

ይህን በራስሽ ርዕስ ላይ እንሞክረው። በዓመቱ መጨረሻ የተሳታፊዎቹን አማካይ የደም ግፊት ልትገምቺ ነው እንበል። የተወሰኑት ጠፍተዋል። የቀሩትን እያንዳንዳቸውን፣ አንድን በመቆየት ዕድላቸው አካፍለሽ ትመዝኛቸዋለሽ። የመቆየት ዕድሉን አታውቂውም፣ በሎጂስቲክ ሪግሬሽን ትገምቺዋለሽ። ስለዚህ ሁለት ኢኩዌሽኖች አሉሽ። አንዱ የሎጂስቲኩ ነው፣ ሌላው በክብደት የተስተካከለው አማካይ። አንዱን ካንዱ በላይ ደርድሪያቸው። ሁለቱንም በእውነተኛው ዋጋ ዙሪያ በቴይለር ዘርጊ። በአንድ በኩል የዲሪቬቲቮቹ አማካይ ማትሪክስ ይወጣል፣ በሌላ በኩል የኢኩዌሽኖቹ የራሳቸው ቫሪያንስ። የመጀመሪያውን ገልብጠሽ ሁለተኛውን በግራና በቀኝ ስታጥሪበት የሳንድዊች ቫሪያንስ ይባላል። ፒተር ሁበር በ1967 ያቀረበው ነው። ሊያንግና ዜገር በ1986 ለተደጋጋሚ ልኬቶች ያመጡት ጂኢኢ የሚባለው የሪግሬሽን ዘዴም ቫሪያንሱን የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። ሶፍትዌር ላይ «ሮበስት» የሚል አማራጭ ስታይ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያለው እሱ ነው።

ይህን ስሌት በእጅሽ እስከ መጨረሻው ካደረስሽው አንድ የሚያስገርም ነገር ታገኛለሽ። ክብደቶቹን የገመትሻቸው ከሆነ የአማካዩ ቫሪያንስ እውነተኛውን ክብደት አውቀሽ ከተጠቀምሽበት አይበልጥም። ብዙ ጊዜ እንዲያውም ያንሳል! እውነቱን ከማወቅ መገመት ይሻላል እንደ ማለት ነው። መጀመሪያ ስሕተት የሠራሽ ይመስልሻል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ክብደቱን ስትገምቺ የአማካዩ አስተዋጽኦ በሎጂስቲኩ ስኮር (በሎጂስቲኩ ኢኩዌሽን) ላይ ያለው ጥላ ይቀነስለታል። የሚቀረው እንደ ሪግሬሽን ሬዚጅዋል ነው፣ የሬዚጅዋል ቫሪያንስ ደግሞ ከመጀመሪያው አይበልጥም። ሎጂስቲክ ሞዴሉ ትክክል ከሆነ ማለቴ ነው። ሕጉንም ለሁሉም ነገር አታድርጊው። ለምሳሌ የሕክምና ውጤትን በታከሙት ሰዎች መካከል ብቻ ስትገምቺ ይህ ዋስትና የለም። ለዚህ ነው በጆሮ ከመስማት በእጅ መሥራት የሚሻለው።

አሁን ሲሙሌሽኑን አምጪው። 1,000 ጊዜ ዳታ ፍጠሪ። ሦስት ቁጥር አወዳድሪ። የ1,000ዎቹ ግምቶች ስታንደርድ ዲቪዬሽን፣ የሳንድዊቹ ስታንደርድ ኢረሮች አማካይ፣ ክብደቱን እንደታወቀ ቆጥሮ የሚሰላው ስታንደርድ ኢረር አማካይ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መቀራረብ አለባቸው፣ ሦስተኛው ከፍ ማለት አለበት። ሽፋኑንም ቁጠሪ። 1,000 ድግግሞሽ ላይ 95 በመቶ የሆነ ሽፋን በዕድል ብቻ እስከ 1.4 መቶኛ ነጥብ ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ስለዚህ 94 ስታዪ አትደንግጪ፣ 90 ስታዪ ግን ደንግጪ።

ስለ ሜዠር ቲዎሪ፦ ጓደኛሽ ከሒሳብ ትምህርት የመጣች ትመስለኛለች። አልፈርድባትም። ግን ሌላ ትምህርት ጨርሰሽ ነው ይህን የምትጀምሪው ካለችሽ ዓመት ይሄዳል፣ ስትመለሺም አባሪው ያው አባሪ ነው። የሚያስፈልግሽን ስታገኚው ተማሪው። ሊሚትና ኢንተግራል ቦታ የሚለዋወጡበትን ሁኔታ እወቂ፣ ዶሚኔትድ ኮንቨርጀንስ የሚሉትን። በፕሮባቢሊቲ መጠጋትንና በስርጭት መጠጋትን ለዪ። ከሁሉም በላይ ኮንዲሽናል ኤክስፔክቴሽንን እንደ ፕሮጄክሽን ማየትን ልመጂ፤ ቅድም ያልነው «ጥላ» እሱ ነው። የዚህ ዘርፍ ግማሹ ጂኦሜትሪ ነው። ሊኒየር አልጀብራሽ ከደከመ፣ ከሜዠር ቲዎሪ በፊት እሱን አጠንክሪ። ሊለኩ ስለማይችሉ ስብስቦች ማንበብ ደስ ካለሽ አንብቢ፣ ለመመረቂያሽ ግን አያስፈልግሽም።

ሌላ የምትለማመጂው ነገር የትንሹ ኦ እና የትልቁ ኦ ሒሳብ ነው። ትንሹ ወደ ዜሮ የሚሄደውን ይወክላል፣ ትልቁ ልኩን የማያልፈውን። ትልቁ በትንሹ ሲባዛ ትንሹ ነው። ትንሹና ትንሹ ሲደመሩ ትንሹ ነው። እንደ ተራ መደመር እጅሽ እስኪለምደው ሥሪው። ስሉትስኪ በ1925፣ ማንና ዋልድ በ1943 ያወጧቸው ሁለት ቲዎረሞች ይጨመሩበት። በዚህ ዕቃ ብቻ የመጀመሪያውን ቀለም አብዛኛውን ትጨርሺዋለሽ።

መጽሐፉን በተመለከተ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የቀረሽው ብቻሽን አይደለሽም። የቫን ደር ቫርት የ1998 መጽሐፍ ግሩም ነው። ግን አንዲት መስመር ውስጥ የሌላ መጽሐፍ ግማሽ ገጽ ታሽጓል። ሁለተኛው ምዕራፍ የዕቃ ሣጥን ነው። የቲዎረሞቹን ቃል ብቻ በደብተር ገልብጠሽ እለፊ፣ ሲያስፈልጉሽ ትመለሺባቸዋለሽ። ቀጥታ ወደ ሦስተኛው ሂጂ፣ ዴልታ ሜተድ ነው። አራተኛውን ዘለሽ አምስተኛውን ያዢ። ኤም እና ዚ ኢስቲሜተሮች የሚላቸው ቅድም የደረደርሻቸው ኢኩዌሽኖች ናቸው። እሱ ላይ ቆዪ፣ ቸኩለሽ አትለፊ። ስድስተኛውና ሰባተኛው፣ የኮንቲጊዊቲና የሎካል አሲምፕቶቲክ ኖርማሊቲ ምዕራፎች፣ ውብ ናቸው፤ ግን ለሁለተኛ ዙር ይቆዩ። አስራ ዘጠነኛው የኢምፒሪካል ፕሮሰስ ነው። ሃያ አምስተኛው የሴሚፓራሜትሪክ ሞዴሎች፣ ቅርጻቸው በከፊል ብቻ የተወሰነ ሞዴሎች፣ ነው። ወደዚያ ከመሄድሽ በፊት ግን ሌላ በር አለሽ።

ያ በር የፂያቲስ የ2006 መጽሐፍ ነው፣ ስለ ሴሚፓራሜትሪክ ቲዎሪና ስለጎደለ ዳታ። ያንቺ ርዕስ ራሱ ነው። ጂኦሜትሪውን ቀስ ብሎ ከታች ይሠራዋል። ሮቢንስ፣ ሮትኒትስኪና ዣኦ በ1994 ያወጡት ጽሑፍ የጀመረው ሐሳብ እዚያ በሰፊው ተብራርቷል። ለመጀመሪያው ደረጃ ደግሞ የቡስና የስቴፋንስኪ የ2013 መጽሐፍ የኤም ኢስቲሜሽኑን ስሌት ያለ ብዙ ጌጥ ያስተምራል። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። አንባቢዎች በዚህ ሊጣሉኝ ይችላሉ።

የመኖር ጊዜ ትንተና ውስጥ መግባትሽ አይቀርም፣ ስለዚህ ስለ ኮክስ ሞዴል፣ አንድ ክስተት እስኪደርስ የሚወስደውን ጊዜ ስለሚተነትነው ሪግሬሽን፣ አንድ ነገር ልበል። ዴቪድ ኮክስ ሞዴሉን ያወጣው በ1972 ነው። ሰዉ ወዲያው ተጠቀመበት። የአሲምፕቶቲክ ማረጋገጫው በሙሉ መልኩ የመጣው ግን ከፂያቲስ በ1981፣ ከአንደርሰንና ጊል ደግሞ በ1982 ነው። ያን ያህል ለምን ቆየ? የእያንዳንዱ ሰው አስተዋጽኦ ውስጥ፣ በዚያ ሰዓት በክትትል ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ አማካይ አለበት። ስለዚህ የምትደምሪያቸው ነገሮች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸው፣ ተራው ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም አይነካቸውም። ኦድ ኦለን በ1970ዎቹ ያመጣው የካውንቲንግ ፕሮሰስና የማርቲንጌል መንገድ፣ ክስተቶቹን በጊዜ ሂደት እየቆጠረ የሚጠበቀውን የሚቀንሰው፣ ይህን ቋጠሮ ፈታው። ማርቲንጌሉ ግን የሚቆመው ሞዴሉ ትክክል ሲሆን ነው። ሞዴሉ ሲሳሳት ሊንና ዌይ በ1989 እንዳሳዩት እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው የሚወክል አስተዋጽኦ ይወጣል፣ ሳንድዊቹም ተመልሶ ይመጣል። ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አድርገሽ ስታነቢ «አስተዋጽኦና ቀሪ» ያልኩሽ ነገር በደንብ ይገባሻል።

ሁሉ ነገር በካሬ ሥር ፍጥነት (ናሙናው 4 እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ በግማሽ እየቀነሰ) ወደ ኖርማል አይሄድም። እዚህ ላይ ነው ያልጠረጠረ የሚመነጠረው። በሚክስድ ሞዴል የአንድ ራንደም ኢፌክት (በሰዎች ወይም በቡድኖች መካከል ያለ ልዩነት) ቫሪያንስ ዜሮ ነው ወይ ብለሽ ስትፈትኚ እውነቱ የሚፈቀደው ክልል ጠርዝ ላይ ነው። የላይክሊሁድ ሬሾ ፈተናው ተራ ካይ-ስኩዌር አይሆንም። ሴልፍና ሊያንግ በ1987 እንዳሳዩት ቀላሉ ሁኔታ ላይ ግማሹ ዜሮ፣ ግማሹ ባለ አንድ ዲግሪ ካይ-ስኩዌር ነው። የ5 በመቶው መቁረጫ 3.84 መሆኑ ቀርቶ 2.71 ይሆናል። ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በምርመራው ቀን በሽታው ጀምሯል ወይስ አልጀመረም የሚለውን ብቻ የምታውቂበት ዳታ አለ። የስርጭቱን ቅርጽ ሳታስቀምጪ ስትገምቺ ስሕተቱ የሚቀንሰው በሦስተኛ ሥር ነው። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ 4 እጥፍ ሰው አይበቃም፣ 8 እጥፍ ያስፈልጋል። ስርጭቱም ኖርማል አይደለም፣ የተለመደው ቡትስትራፕም (ከናሙናው ራሱ ደጋግሞ ናሙና መውሰድ) አይሠራም። ቴይለሩን ስትዘረጊ ለስላሳ ያልሆነ ነገር ሲያጋጥምሽ ቆም በይ።

ሲሙሌሽን ብቻ ለሚለው ጓደኛሽ ደግሞ የሆጅስን ኢስቲሜተር አሳዪው፣ የ1951 ነው። የናሙናውን አማካይ ውሰጂ። ፍጹም ዋጋው ከናሙናው መጠን አራተኛ ሥር ግልባጭ ካነሰ ዜሮ በይው፣ ካልሆነ እንዳለ ተዪው። በቲዎሪ ከአማካዩ የተሻለ ይመስላል። እውነቱ ዜሮ ሲሆን ስሕተት የለውም ማለት ይቻላል፣ በሌላ ቦታ ሁሉ ከአማካዩ እኩል ነው። አሁን 10,000 ሰው ይኑርሽ፣ የእያንዳንዱ ልኬት ቫሪያንስ 1 ይሁን። መቁረጫው 0.1 ነው፣ የአማካዩ ስታንደርድ ኢረር 0.01። እውነቱ 0.05 ቢሆን አማካዩ ከ0.1 በታች መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ ሁልጊዜ ዜሮ ትያለሽ። ስሕተትሽ የስታንደርድ ኢረሩ 5 እጥፍ ነው። ሲሙሌሽንሽን ዜሮ ላይና አንድ ላይ ብቻ ሠርተሽ ቢሆን ኖሮ ዘዴው ድንቅ ነው ብለሽ ትጽፊ ነበር። ይህ ደግሞ የድሮ የሒሳብ ቀልድ ብቻ አይደለም። ፒ ቫልዩአቸው የበዛባቸውን ተለዋዋጮች ጥለን ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ኢንተርቫል ስናወጣ የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ክብደቱን በማሽን ለርኒንግ ልትገምቺ ካሰብሽ (የዘንድሮ ተማሪ ሁሉ ያስባል) ትግሉ ያለው ቀሪው ላይ ነው። ማሽን ለርኒንግ በካሬ ሥር ፍጥነት አይማርም። ሁለት ሞዴል፣ አንዱን ለመቆየት ዕድል ሌላውን ለውጤቱ፣ የሚያጣምረው ባለ ሁለት መከላከያ ኢስቲሜተር ግን ቀሪው የሁለቱ ስሕተቶች ብዜት ነው። በ10,000 ሰው እያንዳንዱ ሞዴል በአራተኛ ሥር ፍጥነት ቢማር ስሕተቱ 1 ለ10 አካባቢ ነው። ብዜቱ 1 ለ100 ይሆናል፣ የካሬ ሥሩ ልክ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ከዚያ ትንሽ መፍጠን አለባቸው። ዳታውን ከፋፍሎ በአንዱ መማር፣ በሌላው መገመት የሚባለው ዘዴ ደግሞ ከከባዱ የኢምፒሪካል ፕሮሰስ ክርክር ብዙውን ያስቀርልሻል።

«ምን ያህል ይበቃኛል?» ላልሽው፣ የራስሽን ኢስቲሜተር ኢንፍሉዌንስ ፋንክሽን ባዶ ወረቀት ላይ ማውጣት ከቻልሽ፣ ቅድመ ሁኔታዎቹን ከጻፍሽ፣ እያንዳንዱ የት መስመር ላይ ሥራ ላይ እንደዋለ ማሳየት ከቻልሽ ለመመረቂያ ይበቃሻል። አዲስ የኢምፒሪካል ፕሮሰስ ቲዎረም ማረጋገጥ አይጠበቅብሽም፣ ያለውን በትክክል መጥቀስ ግን ይጠበቅብሻል። ቅድመ ሁኔታዎችን እንደ ማጣፈጫ አትያቸው። «የመቆየት ዕድል ከዜሮ በላይ በሆነ ቁጥር የተገደበ ነው» የሚለው አሰልቺ መስመር ያንቺን ዘዴ የሚጥለው ነው። የመቆየት ዕድሉ 0.01 የሆነ ሰው ባጋጣሚ ከቆየ እንደ 100 ሰው ይቆጠራል። እሱ ብቻውን አማካይሽን ይጎትተዋል። ዳታሽ ላይ የክብደቶቹን ስርጭት ስዪው፣ ቅድመ ሁኔታው ካለና ከሌለ ዓይንሽ ይነግርሻል።

ለአማካሪሽ በሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ ገጽ ይዘሽ ሂጂ። ላዩ ላይ ሁለቱ ኢኩዌሽኖች፣ መሃሉ ላይ ኢንፍሉዌንስ ፋንክሽኑ፣ ታቹ ላይ የሲሙሌሽኑ ሦስት ቁጥሮች። «አሲምፕቶቲክስ አልገባኝም» ከማለት «ይህ ቀሪ ለምን እንደሚጠፋ አልገባኝም» ማለት በጣም ይለያል፣ ለሁለተኛው መልስ ይገኛል። ሳንድዊቹ ከሲሙሌሽኑ ጋር አልገጥም ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ የዲሪቬቲቩን ማትሪክስ ጥግ እዪው። የአማካዩን ኢኩዌሽን በሎጂስቲኩ ፓራሜትር ዲሪቬቲቭ ማድረጉን ዘንግተሽ ዜሮ ትተሽው ሊሆን ይችላል። እዚያ ካልሆነ ምልክቱን ፈትሺ፤ መቀነስ የሚገባው ጥላ ተደምሮ፣ ቫሪያንሱ መቀነሱ ቀርቶ ከፍ ብሎ ይመጣል።